ብቻቸውን ለሚኖሩት ልጆች ራዲዮ ልግዛ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ የካ አባዶ ጀርባ ወላጆቻቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ስለሚኖሩት ሦስት ልጆች «ራዲዮ ልግዛላቸው ወይስ ብሩን ለአስቤዛ ላድርገው? የትኛውስ ይሻላል?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። ግዢላቸው። አስቤዛ የሚያዋጣ ጎረቤት አይጠፋም፤ ራዲዮ ግን ማንም ትዝ አይለውም።

ትልቋ 14 ዓመቷ ነው ብለሻል። ጠዋት የምትቀሰቅሰው፣ የምታበስለው፣ ማታ በር የምትዘጋው እሷ ናት ማለት ነው። ሰዓት በሌለበት ቤት የራዲዮ የመጀመሪያ ጥቅሙ ሰዓት ነው፤ የጠዋቱ ዜና ሲጀምር ታናናሾቿን አስነስታ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። የክትባት ዘመቻውን፣ የትምህርት ቤት ምዝገባውን የሚነግራቸው ትልቅ ሰው ስለሌለ ከዚያው ይሰሙታል። በኮሮና ጊዜ መጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ነበር የተሰጠው፤ ቴሌቪዥን ለሌለው ልጅ ያለችው ራዲዮ ብቻ ነበረች።

1. በትልቁ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ግዢ። ሱቅ ስትሄጂ «ሶላር አለው፣ ፍላሽ ይወስዳል፣ ብሉቱዝ አለው» ይሉሻል። አትስሚያቸው። ጀርባው ላይ የተለጠፈችው ሶላር ብዙውን ጊዜ ግማሽ ዋት አትሞላም። በበጋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ብትውል ለጥቂት ሰዓት ታሠራለች፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ደመናው ሳይገለጥ ይመሻል። ውስጡ ያለው የሞባይል ዓይነት ባትሪ ደግሞ ባዶውን ከከረመ በኋላ ቻርጅ አይዝም። ፍላሽ የሚወስደውን ራዲዮ የሰፈሩ ጎረምሳ ዘፈን ሊሰማበት ይዋሰዋል፣ አይመልስም።

ሦስት ትልልቅ ድንጋይ የሚወስድ ተራ ራዲዮ ድምፁ መጠነኛ ከሆነ 50 ሚሊ አምፒር ገደማ ነው የሚስበው። በቀን ሦስት ሰዓት ቢሰሙ ርካሹ ድንጋይ ወር ገደማ ይቆያል። የሪሞቱ ዓይነት ትንሹ ድንጋይ ግን ሳምንት አይደርስም። አሮጌና አዲስ እንዳይቀላቅሉ ንገሪያት፤ የደከመው ውሃ ያወጣና ስፕሪንጉን ይበላዋል። ከበላው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ በደረቅ ጨርቅ ትጥረገው። ድንጋይ እሳት ዳር ማሞቅ የሚባለውን ጭራሽ እንዳትሞክር።

በእጅ የሚጠመዘዝስ ካልሽ፣ በሩዋንዳ ልጆች ለሚመሯቸው ቤቶች የታደለው ላይፍላይን የሚባለው ራዲዮ በእጅ የሚጠመዘዝና በፀሐይም የሚሠራ ነው፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ዕቃ ነው። እዚህ ገበያ ላይ የምታገኚው ርካሽ ተጠምዛዥ ግን ማርሹ ፕላስቲክ ስለሆነ በልጅ እጅ ቶሎ ይሰበራል።

2. ኤፍ ኤምም መካከለኛ ሞገድም (ራዲዮው ላይ AM ወይም MW ተብሎ የሚጻፈው) ያለው ይሁን። የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ጣቢያ 94.7 ላይ ነው፤ የክፍላቸውን ሰዓት ከመምህራቸው ጠይቂ፣ ይቀያየራል። ቆርቆሮ ቤት ኤፍ ኤምን ይጋርዳል፣ ስለዚህ መስኮት ሥር ይቀመጥ። አንቴናው ከተሰበረ 75 ሳንቲ ሜትር የኤሌክትሪክ ሽቦ ጫፉን ልጠሽ ጉቶው ላይ ጠምጥሚውና በመስኮት ወደ ውጭ አውጪው። መካከለኛ ሞገድ ላይ ግን አንቴናውን መሳብ ዋጋ የለውም፤ የሚይዘው ውስጥ ያለው ጥቁር ዘንግ ስለሆነ ራዲዮውን ራሱን ማዞር ነው።

3. አሰጣጡ። ራዲዮው ከቤት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ወረዳ ሄደሽ ካማከርሽ «ደብዳቤ አጽፊ፣ በስብሰባ እናስረክብ፣ ፎቶ እንነሳ» ሊሉሽ ይችላሉ። ይህ ያናድደኛል! ልጆቹን ሰው ፊት አቁሞ ዕቃ ማስጨበጥ ማለት ትልቅ ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ለሰፈሩ ሁሉ መንገር ነው። ሌባው ባይመጣ አጎት ይመጣል፤ አንድ ኪሎ ዱቄት ይዞ መጥቶ የማያውቅ አጎት «እኔ ላስቀምጥላቸው» ብሎ ይወስደዋል። ልጅቷም እምቢ ማለት አትችልም፣ ታላቅ ዘመዷ ነዋ።

ስለዚህ ማታ፣ ቤታቸው፣ ያለ ፎቶ ስጪያቸው። የምታምኛት የዕድር እናት ካለች አብራሽ ትሁን። የድንጋይ መክደኛውን ከፍተሽ ውስጡ ላይ የልጅቷን ስም በምስማር ጫሪ። ከዚያ የዕድሩ ዳኛ ራዲዮው የልጆቹ መሆኑን፣ ማንም ዘመድ በአደራ ስም እንደማይወስደው በሁለት ምስክር በአንድ ገጽ ይጻፍላት። ከወረዳ ደብዳቤ ይልቅ አጎት የሚያፍረው ዕድርን ነው። ልጅቷም «ዕድሩ ነው ያስቀመጠብኝ» የምትለው አገኘች ማለት ነው፣ ዘመዷን ሳትጋፈጥ።

የድንጋዩን ብር በእጃቸው አትስጪ፣ ምግብ ሲያልቅ ይበላል፤ አይፈረድባቸውም። ለሰፈሩ ባለሱቅ የሦስት ወር ከፍለሽ በየወሩ ሦስት ሦስት ድንጋይ ይስጣቸው፤ አሮጌውን ሲመልሱ ብቻ አዲሱን እንዲሰጥ ንገሪው፣ ያኔ ልጆቹ አይቀላቅሉም፣ እሳት ውስጥም አይጥሉትም።

ቤቱ ከኮረብታ ሥር ከሆነ ጻፊልኝ፣ ከመግዛትሽ በፊት በሞባይልሽ ራዲዮ ኢርፎን ሰክተሽ እዚያው ቆመሽ 94.7ን ሞክሪው።