የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ላብራቶሪ ውስጥም አለ

ባለፈው ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን፣ ለእረፍት የመጣ አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ አሜሪካ ፒኤችዲ የጀመረ ነው፣ "ጋሼ ስቴም ሴል ላብራቶሪ ልገባ ነው፣ ኦባማ ፈቅዶት የለ እንዴ፣ አለቀ" አለኝ (ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል ነው፣ አንዱ ምንጩ ፅንስ ነው)። እኔም ቦስተን አካባቢ ቴክኒሻን ሆኜ ስገባ ነገሩ "ተፈቀደ፣ ተከለከለ" ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ እና እዛ ላላችሁት ቢጠቅም ብዬ ነው።

ነገርየው እናቶቻችን ቤት እንዳለው የጾምና የፍስክ ድስት ነው። ቡሽ ከኦገስት 9፣ 2001 በፊት ከተዘጋጁት የፅንስ ሴል ላይኖች (ከአንድ ፅንስ ወጥተው ላብራቶሪ ውስጥ እየተባዙ የሚቆዩ ሴሎች) ውጪ የፌዴራል ብር የለም አለ፣ ከ60 በላይ አሉ ተብሎ ነበር የሚሰራባቸው ግን 21 ገደማ ሆነው ተገኙ። ሌላውን ልስራ ካልክ ወንጀል አይደለም፣ በግል ብር ነው፣ ግን ማይክሮስኮፑም ፍሪዘሩም ለብቻ። እኔ አንዴ የፒፔት ሳጥን ከፌዴራሉ መደርደሪያ አንስቼ ለግሉ ሴል ተጠቀምኩና አለቃዬ በሁዳዴ ሽሮው ላይ ቅቤ የጣልኩ ነው ያስመሰለችው።

ኦባማ በማርች 2009 ያንን ገደብ አነሳ፣ ኤንአይኤች፣ የምርምር ብር የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ተቋም፣ በጁላይ መመሪያ አወጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ፅንሱን አፍርሶ ሴል ማውጣት በፌዴራል ብር ያኔም አልተፈቀደም፣ ኮንግረስ ከ1996 ጀምሮ በየዓመቱ በጀቱ ላይ የሚለጥፈው ዲኪ ዊከር የሚባል ክልከላ አለ። በሌላ ብር የወጣና ኤንአይኤች መዝገቡ ላይ ያስገባው ላይን ከሆነ ግን መስራት ይቻላል ተባለ። (ነፍስ መቼ ይጀምራል የሚለውን ለንስሐ አባትህ ትቼዋለሁ።) በኦገስት 2010 አንድ ዳኛ ይሄም ያው ማፍረስ ነው ብለው አስቆሙት፣ ይግባኝ ሰሚው በሁለት ሳምንት ከምናምን ቀን ፈታው፣ ክርክሩ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 አላይም እስኪል ቀጠለ፣ ያን ሰሞን ደሞዙ ከዛ የፌዴራል የምርምር ብር የነበረ ሰው እንቅልፍ አልነበረውም።

ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ፕሮፌሰሩን ደሞዜ ከየት ነው በለው፣ እኛ ብር መጠየቅ ነውር ይመስለናል እዛ ግን ተራ ጥያቄ ነው። ላይኑ መዝገቡ ላይ መኖሩንም ራስህ እይ፣ ለማንም ክፍት ነው። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ስቴቱ በ2004 3 ቢሊዮን፣ በ2020 ደሞ 5.5 ቢሊዮን ዶላር በሕዝብ ድምፅ ስለመደበ ዋሽንግተን ሲያስነጥስ ያን ያህል ጉንፋን አይዛችሁም። ጀርመን ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ እዛ ፅንስ አፍርሶ ማውጣት ራሱ ወንጀል ነው፣ ከውጪ የሚገባውም ከሜይ 1፣ 2007 በፊት የተዘጋጀ መሆን አለበት።

በአይቪኤፍ፣ ማለትም ፅንሱ ላብራቶሪ ውስጥ በሚፈጠርበት ሕክምና፣ ልጅ የወለዳችሁ ደሞ፣ የተረፈውን ፅንስ ለምርምር ስጡ ብሎ ብር የሚያቀርብላችሁ ካለ እምቢ በሉ፣ የኤንአይኤች መመሪያ ክፍያ አይፈቅድም፣ ባትሰጡም ሕክምናችሁ አይጓደልም።

ልጁ ትላንት ቴክስት አደረገልኝ። ደሞዙ ከፌዴራል ነው፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ካሉት 3 ላይኖች አንዱ መዝገቡ ላይ የለም። እሱን የሚነካው ማነው ብለህ ጠይቅ አልኩት።