ባለቤቴ ለአርሚ (ለአሜሪካ ጦር) ሥልጠና ሊሄድ ነው፤ ማልቀሴ ጽንሱን ይጎዳዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ22 ሳምንት እርጉዝ ነኝ፤ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ አርሚ ገብቶ በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ለቤዚክ (ለመሠረታዊው የወታደር ሥልጠና) ወደ ፎርት ጃክሰን፣ ሳውዝ ካሮላይና ይሄዳል። ከዚያ ሳይመለስ በቀጥታ ለሜዲክነት (ለወታደር የሕክምና ባለሙያነት) ሥልጠና ሳን አንቶኒዮ ይገባል። ስለዚህ ስወልድ አጠገቤ አይኖርም። ማታ ማታ አለቅሳለሁ፤ እንቅልፍም አጥቻለሁ። አክስቴ «እርጉዝ ካለቀሰች ልጁ ሆደ ባሻ ይሆናል፤ መሸኘቱም ይቅርብሽ» ትለኛለች። እውነት ነው? እሱ እንዳይጨነቅብኝ ደግሞ ሕመሜን ልደብቀው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። አክስትሽ ስለሚወዱሽ ነው እንዲህ የሚሉት። ግን ልጅ በእናቱ እንባ ሆደ ባሻ አይሆንም።

ስናዝን ሰውነታችን ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። እንግዴ ልጁ ይህን ስለሚያውቅ ከእናት ደም የሚመጣውን ኮርቲሶል አብዛኛውን ወደማይሠራ ዓይነት ይቀይረዋል። ስለዚህ ባሏን ልትሸኝ የምታለቅስ ሴት ጽንሷን አልጎዳችም። ለረጅም ጊዜ ሳይታከም የቆየ ከባድ ድብርት ግን ሌላ ነገር ነው። ያለ ጊዜ ከመውለድና ከልጁ ክብደት ማነስ ጋር ይያያዛል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መሸኘቱን በተመለከተ ሂጂ ነው የምልሽ። ሳይሰናበቱ መለያየት ኋላ የበለጠ ይቆጫል። ብቻ አካሄዱን አስቀድመሽ እወቂው። ተመልማዮች ብዙውን ጊዜ የሚነሱት ሜፕስ ከሚባለው የምዝገባ ማዕከል ነው፤ ለእናንተ አካባቢ ፎርት ሚድ ያለው ነው። ከዋዜማው ማታ ሆቴል ያሳድሯቸዋል፤ በማግስቱ የመጨረሻ ምርመራና ቃለ መሐላ አለ። ቤተሰብ መሐላውን ማየት ይችል እንደሆነ የመዘገበውን ሪክሩተር (መልማይ) ጠይቁት። ቀኑ ረጅም ስለሆነ ቁርስሽን በልተሽ፣ ውሃ ይዘሽ፣ ሰው አስከትለሽ ሂጂ። ስትመለሺ ብቻሽን መኪና ባትነጂ ደስ ይለኛል።

ስለ መጀመሪያው ስልክም ላስጠንቅቅሽ። እንደደረሰ ይደውላል፤ ግን በጣም አጭር ነው። «ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል፤ ድምፁም እንግዳ ሊሆንብሽ ይችላል። ከጀርባው አለቃ ቆሞ ነው። ተቆጥቶኛል ብለሽ ሌሊቱን አትብሰልሰይ። ቤዚክ 10 ሳምንት ነው፤ ከዚያ በፊት ለምዝገባ፣ ለክትባትና ለልብስ የሚሄዱ ቀናት አሉ። በዚህ ጊዜ ስልክ ብርቅ ነው። የሚደርሰው ደብዳቤ ነው። የአልትራሳውንድ ፎቶ አስገብተሽ ላኪለት።

አሁን ወደ መደበቁ እንምጣ። በዚህ ላይ አልስማማም። ራስ ምታት በያዘሽ ቁጥር ጻፊለት ማለቴ አይደለም። ሆስፒታል ገብተሽ እሱ ሳያውቅ መቅረቱ ግን ለሁለታችሁም መጥፎ ነው። ኋላ ሲሰማ እምነቱ ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ «ደህና ነኝ» ስትዪው አያምንሽም። አስቸኳይ ነገር ሲገጥም መንገዱ ቀይ መስቀል ነው፤ ስልኩ 1-877-272-7337፣ ሌት ተቀን ይሠራል። የባለቤትሽን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና ያለበትን የጦር ክፍል ይጠይቁሻል። ከዚያ ሆስፒታሉን አረጋግጠው መልእክቱን ለአዛዡ ያደርሳሉ። ፈቃድ የሚሰጠው አዛዡ ነው እንጂ ቀይ መስቀል አይደለም። እነዚህን መረጃዎች ሳይሄድ ጽፈሽ ማቀዝቀዣው ላይ ሳይሆን ቦርሳሽ ውስጥ አስቀምጪ፤ የሶሻል ቁጥር የማንም እንግዳ ማንበቢያ አይደለም።

ሌላው የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው። ሐኪም ስለ ወረቀት ሲያወራ ይገርምሽ ይሆናል፤ ግን ክትትል የሚያቋርጡ እርጉዞችን ሳይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ወረቀት ነው። ባለቤትሽ አገልግሎት ከጀመረበት ቀን አንስቶ አንቺም ትራይኬር የሚባለው የወታደር ቤተሰብ የጤና ኢንሹራንስ ይገባሻል። ይህ የሚሆነው ግን ዲርስ በሚባለው የሠራዊቱ መዝገብ ላይ ስምሽ ሲገባ ነው። የጋብቻ ወረቀታችሁ ከኢትዮጵያ የመጣ ከሆነ በእንግሊዝኛ የተተረጎመውን ይዞ ይሂድ፤ ቅጂው አንቺ ጋ ይቅር። የውክልና ወረቀትም አሠሩ። አዲሱ መመዝገቡን በዓይንሽ ሳታዪ ያለሽን ኢንሹራንስ እንዳትሰርዢ። ሐኪምሽ ትራይኬር ይቀበሉ እንደሆነም ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂ። የሚመጡት ሳምንታት የሚዘለሉ አይደሉም፤ ከ24 እስከ 28 ሳምንት የስኳር ምርመራ አለ፣ ከ27 እስከ 36 ደግሞ ልጁን ከትክትክ የሚጠብቀው ክትባት።

ስለ ድብርቱ። ከመለያየት በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት ማልቀስ የሚጠበቅ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ሆድሽ ከባሰው፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ ምግብ አልገባ ካለሽ ወይም «እኔ ለዚህ ልጅ አልሆንም» የሚል ሐሳብ ከተመላለሰብሽ ግን ሕክምና ያስፈልግሻል። በክትትል ላይ 10 ጥያቄ ያለው ቅጽ ሊሰጡሽ ይችላሉ፤ ያለፉትን 7 ቀናት ስሜትሽን ይጠይቃል። እኛ ደግሞ «እንዴት ነሽ?» ስንባል አፋችን የለመደው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። እሱ ለጎረቤት ይሁን፤ ቅጹ ላይ እውነቱን ሙይ። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለሽ፤ የአጎትሽን ልጅ አታስተርጉሚ፣ ፊቷ የማትናገሪው ነገር ይኖራል።

ሌሊት ሲከብድሽ የእናቶች የአእምሮ ጤና መስመር አለ፤ 1-833-852-6262። ነጻ ነው፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችያለሽ። ለወታደር ቤተሰብ ሚሊተሪ ዋንሶርስ 1-800-342-9647 ነጻ ምክር ይሰጣል። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ወዲያው 988 ደውዪ።

ለእንቅልፉ ቡናሽን እንይ። በቀን እስከ 200 ሚሊግራም ካፌይን ይፈቀዳል፤ አገርኛው ቡና ወፍራም ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። አቦሉን ጠዋት ጠጪ፣ ቶናና በረካውን ለመጡት እንግዶች ተዪ። ጤና አዳም ግን እስክትወልጂ ይቅር፤ ማኅፀን ሊያነሳሳ ይችላል። የእንቅልፍ ኪኒን ከሰው ተቀብለሽ አትዋጪ።

ብቻሽን ስለምትሆኚ አንድ የሌሊት ሰው አሁኑኑ ምረጪ። «ሲያስፈልግሽ ደውዪልኝ» የሚል ሞልቷል፤ እኔ የምለው ስልኩን ትራሱ ስር አድርጎ የሚተኛ፣ መኪና ያለው ሰው ነው። የሚቀሰቀሰው ለነዚህ ነው፦ ደም ከታየ፤ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፤ ከ37 ሳምንት በፊት ምጥ የሚመስል የሚመላለስ ቁርጠት ከመጣ፤ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ስር ሕመም ካለ። የመጨረሻዎቹ የእርግዝና ደም ግፊት ምልክቶች ናቸው። ግፊት መለኪያ ቤትሽ ቢኖር ጥሩ ነው፤ 140/90 ከደረሰ በዚያው ቀን ለሐኪምሽ ንገሪ፣ 160/110 ከሆነ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ከ28 ሳምንት በኋላ ደግሞ የልጁን እንቅስቃሴ ቁጠሪ። በጎንሽ ተኝተሽ በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ጊዜ ካልተሰማሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ልትጠይቂኝ ነበር ብዬ የምገምተው የምረቃው ነገር ነው። እሱ ሲመረቅ አንቺ ወደ 34 ወይም 35 ሳምንት ትሆኛለሽ። እርግዝናሽ ጤናማ ከሆነ አውሮፕላን እስከ 36 ሳምንት ይቻላል፤ አየር መንገዱ ግን የሐኪም ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። በመኪና ከሆነ በየ2 ሰዓቱ ቆመሽ ተራመጂ፤ ቀበቶው ከሆድሽ በታች ይለፍ። የክትትል ካርድሽን ቅጂ ያዢ፤ ፎርት ጃክሰን ባለበት በኮሎምቢያ ከተማ ውስጥ የቅርቡ ሆስፒታል የት እንደሆነ እወቂ። ሐኪምሽ «አትሂጂ» ካሉሽ ግን አትሂጂ፤ ምረቃው በቪዲዮም ይታያል።

የሜዲክ ሥልጠናው ወደ 16 ሳምንት ነው፤ እንደ ቤዚክ ግን ስልክ አይጠፋም። ምጥ ላይ በቪዲዮ እንዲገኝ ሆስፒታሉ ይፈቅድ እንደሆነ በ36ኛው ሳምንት ጠይቂ፣ የወሊድ ዕቅድሽ ላይም አስጽፊው። አባትም የ12 ሳምንት የወላጅነት ፈቃድ አለው፤ ልጁ ከተወለደ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚወሰድ ነው፤ ስለዚህ ከሥልጠናው በኋላ መቼ እንደሚወስደው ከአሁኑ ከአለቆቹ ጋር ይነጋገር። እናትሽ ወይም አክስትሽ ከአራስ ቤት እስከዚያ ሊቆዩልሽ የሚችሉ ከሆነ የእነሱን ቆይታና የባለቤትሽን ፈቃድ አታደራርቡት። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።