ጥያቄና መልስ፦ ትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተር ከመግዛቱ በፊት

ፍኖተ ሰላም አካባቢ ፊዚክስና አይሲቲ አስተምራለሁ። ሃያ ዓመት አልፎኛል። ስለ ክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂ ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። ጥያቄያችሁ ግልጽ ይሁን።

ከቡሬ፦ መምህር፣ ትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት የለውም። ወላጆች ብር አዋጥተዋል። ምን እንግዛ?

መልስ፦ ይሄ የኔ ጉዳይ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። እንደ ካን አካዳሚ ያሉ የቪዲዮ ትምህርቶችን ከነመልመጃቸው ኢንተርኔት ካለበት ከተማ አንዴ ታወርዳላችሁ። በፍላሽ አምጥታችሁ ትጭናላችሁ። ከዚያ በኋላ ተማሪው በስልክ ወይም በታብሌት በዋይፋይ ገብቶ ይማራል፤ የአምስት ብር ካርድ እንኳ አይበላም። ለዚህ ራስበሪ ፓይ የምትባል መዳፍ የማታክል ኮምፒውተርና ዋይፋይ የሚያሰራጭ አንድ ራውተር ይበቃሉ። ያገለገለ ላፕቶፕም ይሠራል። ይዘቱ አብዛኛው እንግሊዝኛ ስለሆነ ከ9ኛ ክፍል ወዲያ ላሉት ይሻላል።

አሁን ወደ መብራቱ። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የመኪና ዓይነቱን የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ 600 ብቻ ቁጠሩ። ራስበሪ ፓይና ራውተሩ አንድ ላይ 15 ዋት ቢወስዱ 40 ሰዓት ያስኬዳችኋል። 250 ዋት የሚፈልግ ፕሮጀክተር ግን ሁለት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ይህን ሂሳብ ሳትሠሩ አንድ ብር እንዳታወጡ። ሌላው፣ ራስበሪ ፓይዋን ሶኬት ነቅላችሁ አታጥፉ። መጀመሪያ ከውስጥ ዝጓት። ትምህርቱ የተጫነበትን ሜሞሪ ካርድ የሚያበላሸው ሶኬት መንቀሉ ነው።

ከዳንግላ፦ ጥሩ ታብሌት የቱ ነው?

መልስ፦ ለስንተኛ ክፍል? ለስንት ልጅ? በስንት ብር? እሱን ንገረኝና እንነጋገራለን።

ከደጀን፦ የክፍሉ ፕላዝማ ቲቪም ሲመጣ እንዲሁ ተብሎ ነበር። ይሄኛው በምን ይለያል?

መልስ፦ ደህና ጥያቄ ነው። ፕላዝማ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ትምህርቱ በሳተላይት ነበር የሚመጣው። በእንግሊዝኛ፣ ያውም በጥድፊያ። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ አለው፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ። መሀሉ የስክሪኑ ነው። አንድ ቀን የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ላይ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ቪዲዮውን ላቆመው አልችልም። ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ እጇን ቀስ ብላ አወረደች። ያ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። መብራት ከሄደ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት አብሮ ሄደ ማለት ነው፤ የሚደግመው የለም። ኮሊብሪን ግን መምህሩ ያቆመዋል፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ መሀል ገብቶ በአማርኛ ያስረዳል። ልጅቷ እጇን ስታወጣ መልስ ታገኛለች።

ከደብረ ማርቆስ፦ ይቅርታ መምህር። በእኛ አገር እኮ ዋሸራም ዲማም ተማሪው ያለ ስክሪን ነው ቅኔ የሚቆጥረው። ስልክ አእምሮን ያሰንፋል።

ከባሕር ዳር፦ ኬሚስትሪን በቃል እናስተምር ነው የምትለው? ቤተ ሙከራ የሌለው ልጅ ሙከራውን በቪዲዮ ቢያይ ምን ይጎዳል?

ከደብረ ማርቆስ፦ ቪዲዮ አልጠላሁም። ልጄ ግን ጽሕፈቷ ጠፍቷል። ሀንና ሐን አትለይም።

ከባሕር ዳር፦ እሱማ ስልክ ሳይመጣም የነበረ ነው። የፊደሉን ነገር ካነሳህ ደግሞ...

መልስ፦ ከጉዳያችን ወጣችሁ። የፊደሉን ክርክር ሌላ ቀን። ግን የቅኔ ቤቱ መነሳቱ ደግ ነው። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ እሳቸው ሰምተው እዚያው ያርሙታል። ያንን ቪዲዮ አያደርገውም። ለዚህ ነው መምህሩን ከክፍል የሚያስወጣ ቴክኖሎጂ አትግዙ የምለው።

ከአዴት፦ አባቴ ለፋይዳ ምዝገባ ሁለቴ ተመለሰ። አንዴ «ሲስተም የለም»፣ አንዴ «አሻራህ አይነበብም» ብለውት።

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም። የማውቀውን ያህል፣ ፋይዳ ከአሥሩ ጣት አሻራ ሌላ የሁለቱን ዓይንና የፊትን ምስልም ይወስዳል። እጁ በእርፍ የሻከረ ገበሬ በአሻራ ብቻ መመለስ የለበትም። እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ ይሞክር። አንተም አብረኸው ሂድ።

ከቢቸና፦ እኛም ጋ ኢንተርኔት የለም። ምን ብንገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ለቡሬው ጠያቂ መልሻለሁ፤ ከላይ አንብቡት። የመብራቱን ሂሳብ ሥሩ። ሶኬት አትንቀሉ።

ከቋሪት፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተርም እየተሰጠ ነው። የእኛ ልጆች ማውስ ነክተው አያውቁም።

መልስ፦ ልጁ መልሱን እያወቀ እጁ ሲያሳጣው ያንገበግባል። አንድ ኮምፒውተር ካላችሁ በተራ አስቀምጧቸው። ማውስ ይያዙ፣ ምርጫ ይጫኑ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይለፉ፣ ተመልሰው ያርሙ። በየቀኑ ሩብ ሰዓት፣ ለሁለት ሳምንት። ታይፕ ማድረግ አታስተምሯቸው፤ ለምርጫ ጥያቄ አያስፈልግም።

ከዳንግላ፦ መምህር፣ ታብሌቱን አልነገሩኝም እኮ።

መልስ፦ ክፍሉን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ ብሩን። ሦስቱን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ? ለመሆኑ መብራቱስ?

ከሞጣ፦ ጋሼ፣ ትምህርት ቤቱ በጸጥታው ምክንያት ከተዘጋ ቆየ። ልጆቼ ቤት ውለው ያድራሉ። ዳታም የለም። ያለኝ አንድ ስልክ ነው። ይሄ ከጥያቄ ይቆጠር እንደሆን እንጃ።

መልስ፦ ይቆጠራል እንጂ እህቴ። ዛሬ ከተጠየቅሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። የተማሪ መጻሕፍቱ በፒዲኤፍ አሉ። ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ዜንደር በሚባል የፋይል ማስተላለፊያ አፕ ይተላለፋሉ፤ ዳታ አይፈልግም። ኮሊብሪም አንድሮይድ ስልክ ላይ ብቻውን ይሠራል። ስልኩን ቀኑን ሙሉ አትስጫቸው። ጠዋት አንድ ሰዓት ያንብቡበት፤ መልመጃውን ደብተር ላይ ገልብጠው ይዝጉት። ቀሪውን በደብተር ይሥሩ። ትልቁ ታናሹን ያስጠና። የጎረቤት ልጆችም ካሉ አብረው ይቀመጡ። ስንተኛ ክፍል እንደነበሩ ጻፊልኝ። መጻሕፍቱን ሜሞሪ ካርድ ላይ ጭኜ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ።