የመሪ ዘይት የሌለው መኪና

ጥያቄው ከአዳማ ነው። 2007 ሞዴል ፕሪየስ የሚነዳ አንባቢ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ጠዋት ከግቢ ስወጣ መሪው ድንጋይ ይሆንብኛል። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን ይበራል። ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ይለቀኛል። ደግሞ ሳዞር ከእግሬ ሥር ቋ ቋ የሚል ድምፅ አለ። አንዱ ጋራዥ የመሪ ዘይት ጎድሏል አለኝ። ሌላው ሙሉ መሪውን ቀይር አለኝ። የቱን ልመን?»

ለጊዜው ሁለቱንም አትመን። የመጀመሪያውንማ ጭራሽ። ይሄ መኪና የመሪ ዘይትም ፓምፕም የለውም። መሪውን የሚያግዘው ከዳሽቦርዱ ሥር የተገጠመ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ኮፋኖ ከፍቶ የመሪ ዘይት የሚፈልግ መካኒክ ካየህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

ከነገርከኝ እንደተረዳሁት ችግርህ ሁለት ነው። መክበዱ የኤሌክትሪክ ይመስላል፤ መንኳኳቱ የብረት።

ፕሪየስ ሃይብሪድ ነው፤ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም ይሄዳል። ሃይብሪድ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው መኪናውን የሚገፋውን ትልቁን ባትሪ ነው። የመሪው ሞተር የሚሠራው ግን በ12 ቮልቱ መስመር ነው። የዚያ መስመር ባትሪ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ በቀኝ በኩል ተደብቃ ነው ያለችው። መኖሯን የማያውቅ ባለቤት ሞልቷል። እሷ ብትደክምም መኪናው ሊነሳ ይችላል፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ትልቁ ባትሪ ነዋ። መሪው ግን ብዙ ከረንት ስለሚስብ ቶሎ ያኮርፋል። ጠዋት ከብዶ ቆይቶ መልቀቁ እኔን መጀመሪያ ወደ እሷ ነው የሚወስደኝ።

መኪናው አድሮ ሳይነሳ ኤሌክትሪሺያን ይለካልህ። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። ከ12.2 በታች ከሆነ ደክሟል። ከዚያ አስነሳውና ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» (ለመሄድ ዝግጁ) ሲል እንደገና ይለካ። ወደ 14 መጠጋት አለበት። 12 ላይ ከቀረ ባትሪ ብትቀይርም አይድንም። ፕሪየስ ዲናሞ የለውም፤ ከትልቁ ባትሪ ወደ 12 ቮልት የሚቀይረው ክፍል ነው መታየት ያለበት። የትንሿ ባትሪ ተርሚናሎች፣ ማለትም ገመዶቹ የሚታሰሩባቸው፣ መጥበቃቸውንም በእጅህ ነካ አድርገህ እይ።

ባትሪ ከገዛህ አንድ ነገር አደራ። ይቺ ባትሪ የተቀመጠችው ሰው ካለበት ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ጋዟን ወደ ውጭ የምታወጣ ቀጭን ቱቦ አለቻት። ተራ ባትሪ እንደምንም አስገብተው ቱቦዋን የትም ጥለዋት አይቻለሁ። ይሄ በአዳማ ሙቀት፣ መስኮት ዘግተህ፣ ልጆች ኋላ አስቀምጠህ የሚሆን ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ቋ ቋው። መሪውን ከታችኛው ማርሽ ጋር የሚያገናኝ ዘንግ አለ፤ ወለሉን አልፎ የሚወርደው እግርህ አጠገብ ነው። ቶዮታ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2012 ከ2004 እስከ 2009 ሞዴል ያሉ ፕሪየሶችን ለጥገና መልሶ የጠራው በዚሁ ዘንግ ምክንያት ነበር። በዝግታ እየሄዱ መሪውን ደጋግሞ በኃይል እስከ ጥግ ማዞር የዘንጉን ጥርሶች ያበላሻቸዋል፤ እያደር ይበላሉ። ያገለገለ ሆኖ የገባ መኪና ይህ ተሠርቶለት ይሁን አይሁን በሻሲ ቁጥሩ ይጣራል። ድሮ ተሠርቶለት ቢሆንም ግን ፍተሻውን አትዝለል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ። አንተ ፔዳሎቹ ጋ ጎንበስ ብለህ በባትሪ መብራት ዘንጉን እይ። የላይኛው ዞሮ የታችኛው ዘግይቶ ከተከተለ ተገኘ። እሱ ደህና ከሆነ ፊቱን በክሪክ አንሥተህ ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዘህ ነቅንቀው። ከተንቀሳቀሰ ቴስቲናው ነው፤ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ። በወንጂ በኩል ፒስታ የምትመላለስ ከሆነ እኔ አይገርመኝም። ነፋሱንም አስለካ፤ ፊት 35፣ ኋላ 33።

መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ ሲያጣብቅህ ቆመህ መሪውን እስከ ጥግ መጠምዘዝ ይቅርብህ። የመሪው ሞተር ሲግል ራሱን ለማዳን እገዛውን ይቀንሳል። አንተ ተበላሸ ትላለህ፣ እሱ እየበረደ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተገኘ የመኪናው ኮምፒውተር ይነበብ። ከ1511 እስከ 1514 ያለ ኮድ ከወጣ የመሪውን ጉልበት የሚለካው ሴንሰር ላይ ነገር አለ። ሙሉ መቀየር የሚነሳው ያኔ ነው። ያገለገለ ስታስገጥም ዜሮው በስካነር መስተካከል አለበት፤ ያለዚያ መብራቱ እንደበራ ይቀራል። ኤርባግ ስላለም ባትሪው ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠበቅ መሪውን ማንም አይንካው።

እየነዳህ እገዛው ቢጠፋ አትደንግጥ። መሪው ይከብዳል እንጂ አይቆለፍም፤ በሁለት እጅ ይዘህ ዳር ውጣ። ዘንጉ ከላላ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የቋ ቋው ምንጭ ሳይታይ በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ እንዳትወጣ።