አጥሬን ቀድሜ መሥራት ስለጀመርኩ የመንግሥት ድጋፍ ሊቀርብኝ ነው?

ጥያቄ፦ በቴክሳስ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ፓንሃንድል በሚባለው አካባቢ መሬት ተከራይቼ ከብት አረባለሁ። በቅርቡ የሰደድ እሳት አጥሬን፣ ያከማቸሁትን ድርቆሽና ግጦሹን በላብኝ። 11 ላሞችም ሞቱ። የተረፉት አስፋልት ላይ እንዳይወጡ ብዬ በማግሥቱ አጥር ማጠር ጀመርኩ። ወር ሳይሞላ ጎርፍ መጣና የወንዙን ዳር አጥር ጠርጎ ወሰደው። ያነጋገርኩት የመንግሥት ሠራተኛ «ሥራ ስለጀመርክ አይከፈልህም፤ እሳቱም የተነሳው ከኤሌክትሪክ ሽቦ ነው» አለኝ። ዜጋ አይደለሁም፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። በቃ ቀረብኝ ማለት ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይተካልዎ። አልቀረብዎትም። ችግሩ የተነገረዎት መልስ ሁሉንም ጉዳት አንድ ላይ መጠቅለሉ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለሞተ ከብት አንድ ፕሮግራም አለው፣ ለመኖ ሌላ፣ ለአጥር ደግሞ ሌላ። ማመልከቻውን የሚቀበለው ግን በየአካባቢው ያለው የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ፣ ማለትም ኤፍኤስኤ ነው።

ከላሞቹ ልጀምር፤ እዚህ ላይ አጥር መጀመርዎ ምንም አያገናኘውም። ኤልአይፒ የሚባለው ፕሮግራም መንግሥት ካወጣው አማካይ የገበያ ዋጋ 75 በመቶውን ይከፍላል። የሚከፍለው በወትሮው ዓመት ከሚሞተው በላይ ለሞተው ነው። ቀነ ገደቡ ጉዳቱ ከደረሰበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ማርች 1 ነው። ማስረጃ ይጠይቃሉ፦ ቀን ያለው ፎቶ፣ የእንስሳት ሐኪም ወረቀት፣ ሬሳ ያነሳው ድርጅት ደረሰኝ። ከእሳቱ በፊት ስንት ከብት እንደነበረዎትም ማሳየት አለብዎት። የግዢ ደረሰኝ ወይም የባንክ ብድር ወረቀት ይረዳል። ሬሳውን ቀብረው ፎቶ ካላነሱ የሦስተኛ ወገን ምስክርነት ይታያል። ምስክሩ ግን ዘመድዎ ወይም ተቀጣሪዎ መሆን አይችልም። ጎረቤት ይሻላል።

«ሁለት ሦስት ላም ጨምርበት፣ ማን ይቆጥረዋል» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። አይስሙት። ለፌዴራል መንግሥት የሐሰት መግለጫ መስጠት ወንጀል ነው። 11 ከሆነ 11 ይበሉ።

ድርቆሹና ግጦሹ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤልኤፍፒ የሚባለው ፕሮግራም እሳትን የሚሸፍነው መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ሆኖ ከብት እንዳያስገቡ ሲከለከሉ ብቻ ነው። የእርስዎ መሬት የግል ከሆነ ኢላፕ የሚባለውን ይጠይቁ። የተቃጠለ መኖንም፣ በግል መሬት ላይ የጠፋ ግጦሽንም የሚያየው እሱ ነው።

አሁን ወደ አጥሩ። ኢሲፒ የሚባለው ፕሮግራም የጥገናውን ወጪ እስከ 75 በመቶ ይጋራል። አቅማቸው ውስን ተብለው ለተመዘገቡ አምራቾች እስከ 90 ይደርሳል። ለአጥር ሲሆን መንግሥት ከሚከፍለው ድርሻ እስከ 25 በመቶ በቅድሚያ መውሰድ ይቻላል። ፕሮግራሙ ግን በካውንቲዎ ለዚህ አደጋ መከፈቱን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም።

አልዋሽዎትም፣ ከመጽደቁ በፊት የሠሩት ክፍል ሊወድቅ ይችላል። ሕጉ መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ከዚያ ምርመራና ማጽደቅ፣ ከዚያ ሥራ ነው የሚለው። ይህ ማለት ግን ያልተሠራው ኪሎ ሜትርም አብሮ ይወድቃል ማለት አይደለም። ባሉበት ያቁሙ። የቀረውን ፎቶ አንስተው ያመልክቱ። የተሠራውንም ከደረሰኙ ጋር ይግለጹ፤ ከብት አስፋልት ላይ እንዳይወጣ በድንገተኛ ሁኔታ እንደሠሩት በጽሑፍ ያስረዱ። ጎርፉ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ለብቻው ያስመዝግቡት።

የኤሌክትሪክ ሽቦው ነገር ብቻውን አያስጥልዎትም። የ2018ቱ የእርሻ ሕግ ይህን ለይቶ አስቀምጧል፦ እሳቱ በተፈጥሮ ባይነሳም፣ ጉዳቱ የደረሰው በተፈጥሮ ምክንያት ስለተስፋፋ ከሆነ በኢሲፒ ይታያል። በፓንሃንድል ያ ምክንያት ብዙ ጊዜ ነፋስ ነው። በ2024 ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ ያቃጠለውን የስሞክሃውስ ክሪክ እሳት ያየ ሰው ይህን አይከራከርም። የዚያን ቀን የነፋስ ፍጥነት ከብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎት መዝገብ ያትሙና ያያይዙ።

የኤሌክትሪክ ድርጅቱ ካሳ እሰጣለሁ ብሎ ቢመጣ ግን ሳያስነብቡ አይፈርሙ። ለአንድ ጉዳት ሁለቴ መከፈል አይቻልም፤ የሚፈርሙት ወረቀትም ሌላ መብትዎን ሊዘጋ ይችላል።

ግሪን ካርዱ ችግር የለውም። ኤልአይፒና ኢላፕ ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪን ይቀበላሉ። ኪራዩን በተመለከተ ኮንትራቱን ይዘው ይቅረቡ። የላሞቹ ክፍያ የላሞቹ ባለቤት ነው። የአጥሩ ግን ወጪውን ማን እንደሚሸከም ያያል፤ ኮንትራቱ አጥር የአከራዩ ነው ካለ ከአከራይዎ ጋር አብረው ይግቡ።

የቃል «አይሆንም» ውሳኔ አይደለም። እምቢታውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይጠይቁ። ደብዳቤው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ ለሚኒስቴሩ ብሔራዊ የይግባኝ ክፍል ለማመልከት 30 ቀን አለዎት። ቢሮው እንደገና እንዲያየው መጠየቅ ወይም ወደ ሽምግልና መሄድም ይቻላል፤ የትኛው እንደሚፈቀድልዎ ደብዳቤው ላይ ይጻፋል። ይግባኙን የሚሰማው ዳኛ የቢሮው ሰው አይደለም፣ የማስረዳት ሸክሙ ግን የእርስዎ ነው። የተሳሳተ መረጃ ሰጥተውዎት በቅን ልቦና አምነው ከተጎዱ ደግሞ የርትዕ እፎይታ የሚባል፣ ሕጉ ባይፈቅድም ለፍትሕ ሲባል የሚሰጥ ሌላ በር አለ። ለእሱ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለዎት ሳይረሱት ዛሬውኑ ይጻፉት።

የወንዙን ዳር አጥር እስካሁን አልነኩትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።