የፊት መጥቆርና የፀሐይ መከላከያ፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ በክረምት ፊቴ ፈካ ይላል፤ ከጥቅምት በኋላ ግን ይጠቁራል። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ በሽታ አይደለም። ቆዳ የፀሐይ ጨረር ሲበዛበት ራሱን ለመከላከል ሜላኒን የተባለውን ቀለም አብዝቶ ያመርታል፤ ጨረሩ ሲቀንስ የጠቆረው የላይኛው ሽፋን ቀስ በቀስ ረግፎ በአዲስ ይተካል። ቆዳን የሚያጠቁረው፣ በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት የተባለ የፀሐይ ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚበረታ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ስስ ደመናም አብዛኛውን ጨረር ስለሚያሳልፍ መከላከያውን በክረምት እርግፍ አድርጎ መተው አይገባም።

ጥያቄ፦ ቆዳዬ ጥቁር ነው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ያስፈልግዎታል። ሜላኒን በፀሐይ ከመቃጠልና ከቆዳ ካንሰር በእጅጉ ይጠብቅዎታል፤ ከማድያትና ብጉር ትቶት ከሚሄደው ጥቁር ምልክት ግን አያድንዎትም። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ይህ የተፈጥሮ ጥበቃ ስለሚጎድላቸው፣ ክሬሙ፣ ሰፊው ባርኔጣና ረጅም እጅጌው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የግድ ያስፈልጓቸዋል፤ ለእነርሱ ጉዳዩ የመልክ ሳይሆን የሕይወት ነው።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ በኋላ ማድያት ወጣብኝ። ከመዋቢያ ሱቅ የገዛሁት ክሬም አጥፍቶልኝ ነበር፤ ሳቆመው ግን ብሶ ተመለሰ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እባክዎ ወደዚያ ክሬም አይመለሱ። በየሱቁ ቆዳ ያፈካሉ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች ብዙዎቹ ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚቀንስ መድኃኒት)፣ አንዳንዶቹም ኩላሊትን የሚጎዳ ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል፤ ስቴሮይድ ፊት ላይ ሲዘወተር ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያመጣል፣ የደም ሥሮችንም አጉልቶ ያሳያል። ሲጠቀሙበት የነበረውን ክሬም ከነማሸጊያው ይዘው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የሚያጠቡ ከሆነም አስቀድመው ይንገሩ፣ የሚታዘዘው መድኃኒት በዚያ ይለያያልና።

ማድያትን በሆርሞን ላይ ተጨምሮ የሚያባብሰው ብርሃን ነው፤ አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በዓይን የምናየው ብርሃንም ጭምር። ቀለም የሌለው ክሬም ይህን ሁለተኛውን እምብዛም ስለማያግድ፣ አይረን ኦክሳይድ የተባለ ቀለም ሰጪ ማዕድን ያለበትን ባለቀለም ክሬም፣ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ። ብዙ ሰው ክሬሙን በጣም አሳንሶ እየቀባ አልሠራልኝም ይላል፤ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣቶች ርዝመት ልክ ጨምቀው ይቀቡ፣ ውጭ ሲውሉም በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። ዋጋው ከከበደዎት ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ትልቅ እገዛ ያደርጋሉ። ያለዚህ ጥበቃ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ማድያቱን ቢያጠፋውም ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሹፌር ነኝ፤ የፊቴ ግራ ጎን ከቀኙ ይበልጥ ጠቁሯል።

መልስ፦ የጎን መስታወት ቆዳን የሚያቃጥለውን ጨረር ቢያስቀርም ዩቪኤ የተባለውንና የሚያጠቁረውን ብዙውን ጊዜ ያሳልፋል። «ብሮድ ስፔክትረም» (ከሁለቱም ጨረሮች የሚከላከል ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ክሬም ጠዋት መንዳት ከመጀመርዎ በፊት ይቀቡና ቀትር ላይ ይድገሙት።