ጨው ከውሃ ጋር «ተዋሐደ» ይባላል ወይ?

አንድ አባት ከቢቸና ጥያቄ ልከውልኛል። ነገሩ የተነሣው ልጃቸውን ኬሚስትሪ ሲያስጠኑ ነው። ደብተሯ ላይ «ውሃ ውህድ ነው፤ ጨው የሟሟበት ውሃ ግን ድብልቅ ነው» ተብሎ ተጽፏል። እሳቸው ደግሞ፣ «ጨው ውሃ ውስጥ ገብቶ ከጠፋ፣ ዓይን ካልለየው፣ ከዚህ በላይ ምን መዋሐድ አለ? ድብልቅ ማለት ስንዴና እንክርዳድ አይደለም ወይ?» ይላሉ። ይህ ሳያንስ ቅኔ የተማሩት አጎቷ፣ «ውሑድ ማለት ጥቂት ማለት ነው፤ ግእዝ የማያውቅ ሰው ነው የሰየመው» ብለው ልጅቷን ግራ አጋቧት። በመጨረሻም፣ «ለመሆኑ በየትኛው ሀ ይጻፍ?» ብለዋል።

ይቺ ቃል እኔንም ዓመታት ስታብሰለስለኝ የኖረች ናት። ትንሽ ታገሡኝ።

ደብተሩ ትክክል ነው። ጨዋማውን ውሃ ጥደው ያፍሉት። ውሃው ተንኖ ያልቃል፣ ጨው ከድስቱ ሥር ተጋግሮ ይቀራል። ያው የገባው ጨው ነው፣ ያው ጣዕሙ። ከዓይን ተሰወረ እንጂ ጨውነቱን አልተወም። መጠኑም እንደ ፈቃድዎ ነው። በአንድ ጣሳ ውሃ ቁንጥርም ጨመሩ እፍኝ፣ ጨዋማ ውሃ መባሉ አይቀርም። በእርግጥ ልክ አለው፤ በተራ ሙቀት 100 ግራም ውሃ የሚያሟማው 36 ግራም ገደማ ጨው ነው፣ የተረፈው ይዘቅጣል። እስከዚያ ልክ ድረስ ግን መጠኑን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

ውሃ ራሱ እንዲህ አይደለም። ከጣና ይቀዳ፣ ከዓባይ ይቀዳ፣ ከጮቄ ምንጭ ይቀዳ፣ ንጹሕ ውሃ ከሆነ ለ1 ግራም ሃይድሮጅን 8 ግራም ገደማ ኦክሲጅን አለው። አይጨምርም፣ አይቀንስም። ለዚህ ሕግ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፕሩስት ብዙ ተከራክሯል። ጠባዩስ ቢሆን? ሃይድሮጅን ይነድዳል፣ ኦክሲጅን እሳት ያፋፍማል፤ ከሁለቱ የተገኘው ውሃ ግን እሳት ያጠፋል። የቀድሞ ጠባያቸው የለም። በማፍላትም አይለያዩም፣ እንፋሎቱም ያው ውሃ ነውና። እንግሊዞቹ ኒኮልሰንና ካርላይል በ1800 እ.ኤ.አ. ውሃን የለያዩት በኤሌክትሪክ ነው። ጨውም እንደዚሁ ነው፤ ውሃ ሲነካው ከሚቀጣጠለው ሶዲየምና መርዘኛ ጋዝ ከሆነው ክሎሪን የተገኘ ነው፣ እኛ ግን ወጥ ላይ እንነሰንሰዋለን። እንግዲህ ጨው ለብቻው ውሕድ ነው፣ ውሃ ለብቻው ውሕድ ነው፣ ጨዋማው ውሃ ግን የሁለት ውሕዶች ድብልቅ ነው።

ለልጅቷ ከጨው ይልቅ ብርዝን ቢያሳይዋት ደስ ይለኛል፤ በአገራችን ማር አይጠፋምና። ማር በውሃ ሲበረዝ ድብልቅ ነው። ቃሉም ራሱ ይናገራል፤ በረዘ ማለት አቀጠነ፣ ጨመረበት ማለት ነው፣ ወተት በውሃ ሲያበዙበት «በረዘው» እንደምንለው። ጌሾ ገብቶበት ሲሰነብት ግን ሌላ ነገር ይጀምራል። እርሾው የማሩን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ጋኑ ውስጥ የሚንፈቀፈቀው ያ ጋዝ ነው። አሁን አዲስ ውሕድ ተወልዷል፤ 2 ካርቦን፣ 6 ሃይድሮጅንና 1 ኦክሲጅን ያለው አልኮል። ጠጁ በሞላው ግን አሁንም ድብልቅ ነው፤ ውሃም አልኮልም የተረፈ ስኳርም አለበት። ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ «ጠጅ ውሕድ ነው» ብሎ ይጽፋል።

ወደ ቃሉ ልምጣ። አጎቷ ግእዛቸው ትክክል ነው። በግእዝ «ውሑድ» ጥቂት፣ ያነሰ ማለት ነው። ግን ቤቱ ውስጥ ሌላም ሰው አለ። «አሐዱ» አለ፣ «ዋሕድ» አለ፣ «ተዋሕዶ» አለ፤ እነዚህ ሁሉ ስለ አንድነት የሚናገሩ ናቸው። ዐረብኛ «ዋሒድ» ሲል አንድ ማለቱ ነው። ዕብራይስጥ «ያሐድ» ሲል በአንድነት ማለቱ ነው። በግእዝ በወ የሚጀምረው ግስ በዕብራይስጥ በያ ይጀምራል፤ እኛ ወለደ ስንል እነሱ ያላድ፣ እኛ ወረደ ስንል እነሱ ያራድ ይላሉ። ስለዚህ ወሐደና ያሐድ ወንድማማቾች ናቸው፣ ጥርጥር የለውም። የኬሚስትሪው ቃል የወጣው ከዚህኛው ቤት ነው። ሰያሚው ግእዝ አያውቅም ማለት ያለ አግባብ መውቀስ ነው።

ሌላ ወገንም አለ፣ ስሙን አልጠራም። «ተዋሕዶ፣ ማለትም የመለኮትና የሥጋ አንድ መሆን፣ በሊቃውንት ትምህርት ያለ ቱስሕት (ያለ መቀላቀል)፣ ያለ ውላጤ (ያለ መለወጥ) ነው፤ በኬሚስትሪ ግን ነገሮቹ ይለወጣሉ፤ ስለዚህ ቃሉ ያለ ቦታው ገብቷልና ይነሣ» ይላል። ይህን ክርክር እኔ በቀላሉ አላየውም። ጎጃም እኮ የቅባትና የተዋሕዶ ሊቃውንት በዚህ ቃል ዙሪያ ትውልድ አልፎ ትውልድ ሲከራከሩ የኖሩባት አገር ናት፣ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተደርጎ እስኪወሰን ድረስ። ውላጤ መለወጥ እንደሆነም፣ በውሕድ ውስጥ መለወጥ እንዳለም እቀበላለሁ። ነገር ግን ቱስሕትን ልብ ይሏል! ቶስሐ ማለት ቀላቀለ፣ ደባለቀ ማለት ነው። ሊቃውንቱ መዋሐድ ሌላ፣ መቀላቀል ሌላ ብለው የለዩት ፕሩስት ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ኬሚስትሪ ከእነሱ የወሰደው ይህን ልዩነት ነው፣ «ያለ ውላጤ» የሚለውን አልወሰደም። ቃል ከመቅደስ ወጥቶ ገበያ ሲወርድ የተሸከመውን ሁሉ ይዞ አይወርድም። ሁለት ድርጅቶች «ተዋሐዱ» ሲባል ማንም ስለ ባሕርይ አይጠይቅም። ቃሉ ይነሣ የሚለውን አልስማማበትም፤ የተሻለ ቃልም አላመጡም።

አጻጻፉስ? የግእዙ መልክ «ውሑድ» ነው፣ እንደ ክቡር፣ እንደ ፍጹም። እኔ ለብዙ ጊዜ ይህ ይመለስ ስል ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው ግን አማርኛ የራሱ መንገድ አለው፤ ድብልቅ፣ ቅይጥ፣ ብርዝ፣ ንጥር፣ ሁሉም በሳድስ ይሄዳሉ። ውሕድም በዚሁ ሄደ። እንዲህ በመሄዱም ጥቂት ከሚለው «ውሑድ» ተለየ፣ የአጎቷም ክርክር በዚሁ ይፈታል። ሕዝቡ ከእኔ በፊት ፈትቶታል ማለት ነው፤ ይህን ማመን ቀላል አልሆነልኝም። ሐመሩ ሐ ግን ይቅርልኝ አልልም። «ውህድ» በሃሌታው ተብሎ ሲጻፍ ከአሐዱ ጋር ያለው ዝምድና ከዓይን ይጠፋል፣ ያሳዝነኛል። የሚበዛው ሰው በሃሌታው እንደሚጽፍ አውቃለሁ፣ ደብተሯም እንደዚያው ነው፤ ስሕተት ነው ብላችሁ ልጅቷን እንዳታርሟት። እኔ በሐመሩ እጽፋለሁ።

«ድብልቅ» የሚለውን ደግሞ ጆሮዬ አይወደውም። «ድብልቅልቁ ወጣ» የሚለው ይመጣብኛል። ጨው የሟሟበት ውሃ ግን አልተዘበራረቀም፤ ከላይ ቢጠጡት ከሥር ጣዕሙ አንድ ነው። «ቅይጥ» ይሻል ነበር። እናቴ ሰርገኛ ጤፍ ስታይ «ቅይጥ ነው» ነበር የምትለው፤ ነጩም ነጭ ነው፣ ቀዩም ቀይ ነው፣ ጊዜ ያለው ሰው ለቅሞ ይለየዋል። ለኬሚስትሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የት ይገኛል? ሆኖም ብዙ ሰው ቅይጥ ሲባል ንጽሕናው የጎደለ ነገር ይታየዋል፣ መምህራኑም ሁሉ ድብልቅ ብለው ለምደዋል። አለቀ፣ ድብልቅ ነው። ፈተና ላይ ድብልቅ ትበል።

እግረ መንገዴን ስለ «ንጥረ ነገር» አንድ ነገር ልበል፣ ልጅቷ ነገ ትደርስበታለችና። ቅቤ ሲነጠር ጉድፉ ወርዶ የጠራው ይቀራል፤ ንጥር ማለት ከዚህ ወዲያ የማይጠራ ነው። ሃይድሮጅንም ወርቅም ክሎሪንም እንዲህ ናቸው፤ ዛሬ የሚታወቁት 118 ናቸው። ግሩም ስያሜ ነው! ዛሬ ግን ቫይታሚኑም፣ ፀረ ተባዩም፣ ሳሙና ውስጥ ያለውም ሁሉ «ንጥረ ነገር» ይባላል። ይህን መመለስ አይቻልም፣ ቃሉ ሄዷል። ክፍል ውስጥ ግን በመጀመሪያ ትርጉሙ ይጠበቅ፤ ያለዚያ ውሃንም ጨውንም ንጥረ ነገር ብላ ትጽፋለች፣ ነጥቧንም ታጣለች።

እንግዲህ የእርስዎ ጥያቄ፤ ጨው ከውሃ ጋር «ተዋሐደ» ይባላል ወይ? ቡና ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ ቢሉት ማንም አይከስስዎትም። ለልጅቷ ግን «ሟሟ» ይበሏት። «ቀለጠ»ም አይበሏት፣ ይህን ብዙ ሰው ይለዋል። ጨው ብቻውን እሳት ላይ ቀልጦ ፈሳሽ እንዲሆን 801 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል፣ በእርስዎ ድስት የሚሆን አይደለም። ውሃ ውስጥ የሆነው መሟሟት ነው። አጎቷንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ስለ ውሑድ የተናገሩት ለቅኔ ቤት ልክ ነው፣ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።